ሥሩ ሳይነካ

ነሐሴ አጋማሽ ላይ አዳማ ውስጥ የበርበሬ ወይም የቲማቲም ዘር የሚዘራ ሰው ሁለት የማይገናኙ ችግሮችን አብሮ ማሰብ አለበት። ክረምቱ ገና አልወጣም፤ ኃይለኛ ጠብታ መደቡን ይደበድባል፣ እርጥበቱም የቡቃያውን አንገት አቅጥኖ የሚጥለውን በሽታ ይጠራል። መስከረም ሲያልፍ ደግሞ ሰማዩ ይጠራና ንፋሱ ይነሣል። ከተማዋ ዳር ያሉት ሁለት የንፋስ ኃይል ማመንጫዎች፣ በ2012 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው ባለ51 ሜጋ ዋቱና በ2015 የተከተለው ባለ153 ሜጋ ዋቱ፣ የሚሽከረከሩት በዚሁ ንፋስ ነው። ከመደብ የተነቀለ ችግኝ ሥሩ ራቁቱን ሆኖ ወደ ማሳ የሚወጣውም በዚህ ወቅት ነው።

ችግሩ ያለው መንቀሉ ላይ ነው። ውሃ የሚስቡት ፀጉር የመሰሉ ሥሮች አፈሩ ውስጥ ተበጥሰው ይቀራሉ፤ ተክሉ ሌላ እስኪያወጣ ድረስ ጠውልጎ ይሰነብታል። ቲማቲም ከግንዱ ሳይቀር ሥር ስለሚያበቅል ቶሎ ያገግማል። በርበሬና ቃሪያ ግን ያኮርፋሉ። ዱባና ዝኩኒማ ሥራቸው ከተነካ ብዙውን ጊዜ ደህና አይነሡም።

የአፈር ጡብ ይህን መንቀል የሚባል ነገር ያስቀራል። ኮምፖስት የበዛበት እርጥብ ድብልቅ በቅርጽ ማውጫ ይጨመቅና በየጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጡብ ይወጣል፤ ዘሩ አናቱ ላይ ይገባል፤ ችግኙ ሲደርስ ከነጡቡ ይተከላል። መያዣ ዕቃ የለውም፣ ትርፉም ይኸው ነው። በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ያደገ ሥር ግድግዳ ሲያገኝ ዙሪያውን ይጠመጠማል። የጡቡ ዳር ግን አየር ስለሆነ ሥሩ ጫፍ ሲደርስ ይቆማል፣ ወደ ውስጥ ሌላ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ ማሳ በገባ ጊዜ በሁሉም ጎን ይሰዳል።

ዘዴው አዲስ አይደለም። ሜክሲኮ ሲቲ፣ ሶቺሚልኮ ውስጥ፣ ገበሬዎች ከቦይ ያወጡትን ጭቃ አንጥፈው፣ ጠፈፍ ሲል በአራት ማዕዘን ቆርጠው በየቁራጩ ላይ ዘር ሲያኖሩ ኖረዋል። የሆላንድ አትክልተኞች ፒት የተባለውን ረግረግ ውስጥ የበሰበሰ ዕፅ እየጨመቁ በስፋት ሠሩበት። አሜሪካዊው ገበሬ ኤሊየት ኮልማን በ1989 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ለትናንሽ አምራቾች አስተዋወቀው። የኮልማን ድብልቅ ግን እንዳለ ለአዳማ አይሆንም፤ መሠረቱ ፒት ነው፣ ለጓሮ ብሎ ከውጭ የገባ ፒት መግዛት ደግሞ አያዋጣም።

እዚህ ያለው ሌላ ነው። የአዳማና የመቂ አካባቢ አፈር አብዛኛው ከእሳተ ገሞራ አመድ የተገኘ ቀላል አፈር ነው፤ ውሃ ያሳልፋል፣ ግን አይያያዝም፤ ብቻውን ከተጨመቀ ከቅርጹ ሲወጣ ይፈርሳል። ማጣበቂያው ሩቅ አይደለም። ወደ ሞጆና ቢሾፍቱ ሲኬድ ጤፍና ሽምብራ የሚዘራበት ጥቁር መረሬ አለ። ጥቂቱ ጡቡን ያጸናዋል፤ ከበዛ ሲደርቅ ይሰነጠቅና ሥር ይበጥሳል። ለአየር መተላለፊያ መንገድ ሠሪዎች የሚጭኑት ሬድ አሽ አቧራው ተነፍቶ፣ ምስር የሚያክለው ተመርጦ ይገባል። ፍግ ደግሞ ሞልቷል፤ አዳማ ዙሪያ ከብት የሚያደልበው ብዙ ነው። ጥሬው ግን ቡቃያ ይገድላል፣ አሞኒያውና ጨውነቱ አዲሱን ሥር ያቃጥለዋል። ወራት ተገላብጦ የበሰለ፣ ሽታው የጠፋ፣ በወንፊት ያለፈ መሆን አለበት። 3 እጅ ኮምፖስት፣ 1 እጅ የግቢ አፈር፣ 1 እጅ ሬድ አሽና ግማሽ እጅ መረሬ ጥሩ መነሻ ነው። ኮልማን ኖራ የሚጨምረው ፒት ኮምጣጣ ስለሆነ ነው። የስምጥ ሸለቆው አፈር ብዙውን ጊዜ ወደ ተቃራኒው ስለሚያደላ ኖራው እዚህ ይቅር።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ውሃው ላይ ነው። ድብልቁ እንደ ገንፎ እስኪለሰልስ ይታሻል፤ ተጨብጦ ሲጨመቅ በጣቶች መሃል ውሃ ካላንጠባጠበ ገና ነው። ቅርጽ ማውጫውን ብየዳ ቤት በላሜራ ማሠራት ይቻላል፤ ለጓሮ ግን አጭር የቧንቧ ቁራጭና ልኩ የሆነ ዱላ ይበቃል። ቧንቧው ድብልቁ ውስጥ እየተጠቀጠቀ ይሞላል፣ ከሥሩ ይጠረጋል፣ ዱላው በቀስታ ይገፋል። ደህና የተሠራ ጡብ በሁለት ጣት ሲነሣ አይፈርስም። በቁመቱ የተሰነጠቀ ቢጫ የዘይት ጀሪካን መደርደሪያ ይሆናል፤ በጡብና በጡብ መሃል ጠባብ ክፍተት ይቀራል፤ ያለዚያ ሥሮቹ ተሻግረው ይጠላለፋሉ።

ከላይ የሚፈስ ውሃ ጡቡን ያሟሟዋል። ጀሪካኑ ውስጥ ጥቂት አፍስሶ ከሥር እንዲጠጣ ማድረግና የተረፈውን መድፋት ይሻላል። ለነሐሴ የላስቲክ ጣሪያ ግድ ነው። ንፋሱ ሲጀምር የዳሩ ጡብ ከመሃሉ ቀድሞ ይደርቃል፤ አንዴ ክው ብሎ የደረቀ ኮምፖስት ደግሞ ውሃ በቀላሉ መልሶ አይቀበልም። ጠዋትና ከሰዓት የሚያይ ሰው በሌለበት ቤት የተለመደው መደብ ይበልጣል፤ ይህን ሳይናገሩ ጡብን ማሞገስ አይገባም።

ለሁሉም ሰብልም አይሆንም። ሽንኩርት የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል በሚመክረው የ40፣ የ20 እና የ5 ሴንቲ ሜትር ርቀት ሲተከል 1 ሄክታር ከ600 ሺህ በላይ ችግኝ ይወስዳል። ለዚያ ሁሉ ጡብ መጭመቅ ጉልበት ማባከን ነው፤ አዳማ ሬድ የተባለው የሽንኩርት ዝርያ ከመደብ ተነቅሎ መተከልን ይችልበታል። ቲማቲም በ1 ሜትር በ30 ሴንቲ ሜትር ሲተከል ሄክታሩ ወደ 33 ሺህ ችግኝ ይይዛል፤ ለዚህ በትሬይ የፈላ ችግኝ መግዛት ለዱግዳና ለቦራ ወረዳ ገበሬ ይቀልለዋል።

ጓሮ ግን የጡብ ቦታ ነው። 40 ሥር ማረቆ ፋና በርበሬ 40 ጡብ ይፈልጋል፣ ይህም 5 ሊትር ያህል ነው፤ ሲጨመቅ ስለሚያንስ 10 ሊትር ድብልቅ ይዘጋጅ። የቲማቲም ተባዩ ቱታ አብሶሉታ በ2012 እ.ኤ.አ. አገር ውስጥ ከታየ ወዲህ ከሌላ ቦታ የመጣ የቲማቲም ችግኝ ተባዩን ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ጠባብ ቦታ ላይ የተደረደሩ ጡቦችን ግን በደቃቅ መረብ መሸፈን አያስቸግርም። ነሐሴ አጋማሽ የተዘራው በርበሬ ጥቅምት መባቻ ላይ ይደርሳል። ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት የላስቲክ ጣሪያው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየተነሣ ችግኙ ፀሐይና ንፋስ ይለማመዳል፤ ከዚያም ወደ ማታ፣ ጉድጓዱ ውሃ ከጠጣ በኋላ ይተከላል። የጡቡ አናት በጓሮው አፈር በቀጭኑ ይሸፈን፤ ገልጦ የተዉት እንደሆነ ንፋሱ እርጥበቱን ከውስጥ ይመጥጠዋል።