ጋዙ የት ሄደ?

መኪናው ነፋስ እየሰጠ ቅዝቃዜ ሲነፍግ ባለቤቱ ጋራዥ ይዞት ይመጣና «ኤሲው ጋዝ ጨርሷል፤ ሙላልኝ» ይላል። ጎበዝ መካኒክ ሲሊንደሩን ለማንሳት አይቸኩልም። «ጋዝ አያልቅም ጋሼ፤ የት እንደሄደ እንይ» ይላል። እውነቱን ነው። ነዳጅ ይቃጠላል፣ የፍሬን ሸራ ያልቃል፤ የኤሲ ጋዝ ግን በተዘጋ መንገድ አንዴ ፈሳሽ አንዴ ትነት እየሆነ ሲዞር ይኖራል። በላስቲክ ቱቦዎቹ በኩል በየዓመቱ ጥቂት ግራም ሰርጎ ይወጣል። ከዚያ በላይ ከጎደለ አንድ ቦታ አፍስሷል።

ደንበኛው የሚከፍለው ለመጨረሻው ደቂቃ፣ ጋዙ ሲገባ ለሚያየው ይመስለዋል። የሙያው ክብደት ግን ከዚያ በፊት ባለው ሥራ ላይ ነው።

ኮፈኑ ሲከፈት መንገዱን በዓይን መከተል ይቻላል። ኮምፕረሰሩ በቺንጋ እየተነዳ ትነቱን ጨምቆ ትኩስ አድርጎ ይልከዋል። ከራዲያተሩ ፊት የቆመው ኮንደንሰር ሙቀቱን ለነፋስ ይሰጥና ጋዙን ወደ ፈሳሽ ይመልሰዋል። ድራየሩ እርጥበት ይመጥጣል። ከዚያ ኤክስፓንሽን ቫልቩ ፈሳሹን በጠባብ ቀዳዳ ሲያሳልፈው ግፊቱ ይወድቃል። ከክሩስኮቱ ሥር ባለው ኢቫፖሬተር ውስጥ ይተናል፤ እጅ ላይ የፈሰሰ አልኮል ሲተን እጅን እንደሚያቀዘቅዘው፣ በላዩ የሚያልፈውን አየር ሙቀት ይወስዳል። አብዛኞቹ መኪኖቻችን የሚጠቀሙበት አር-134ኤ የተባለው ጋዝ በባህር ጠለል ላይ ክፍት ቢተው ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ላይ ይፈላል።

ፍለጋው በዓይን ይጀምራል። ጋዝ በሚወጣበት ዘይትም አብሮ ይወጣል፤ ዘይት ባለበት አቧራ ይጣበቃል። በእኛ መንገድ ይህ ትልቅ ረዳት ነው። ሌላው ቱቦ ግራጫ ሆኖ አንድ መገጣጠሚያ ብቻ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ፣ መሣሪያ ሳይወጣ ግማሹ ሥራ አልቋል። በዓይን ካልተገኘ ናይትሮጅን ተሞልቶ የሳሙና አረፋ ይቀባል። ጋዝ የሚያሸት መሣሪያ ያለው ደግሞ ጫፉን ከመገጣጠሚያው በታች ይይዛል፤ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳልና። ኢቫፖሬተሩ ተደብቆ ስለተቀመጠ፣ እሱን ለመፈተሽ የመሣሪያው ጫፍ ወደ ውሃ ማስወገጃው ቱቦ ይጠጋል። ክሩስኮቱን ከማውረድ የሚያድን ብልሃት ነው።

ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው አንድ ኦሪንግ ነው። በጥቂት ሳንቲም የሚሸጥ ይመስላል፣ ሥራው ግን ከዋጋው ጋር አይመጣጠንም። አልሙኒየም ቱቦው ጫፍ ላይ ቦይ አለው፤ ኦሪንጉ ቦዩ ውስጥ ተኝቶ ጥቂት ብቻ ወደ ውጭ ያብጣል። መገጣጠሚያው ሲጠብቅ ያች የወጣችው ጥቂት ትጨፈለቃለች፤ ጋዙን የሚይዘው ያ መጨፍለቅ ነው። አሮጌው ሲወጣ በአንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ሆኖ ይገኛል። ጥፍር ሲጫኑት አይመለስም፤ ደርቋል። ባለሙያው ቦዩን ክር በማይለቅ ጨርቅ ይጠርጋል፣ በብርሃን አዘንብሎ ያየዋል። አንዲት የጭረት መስመር ቦዩን አቋርጣ ካለፈች አዲሱም ኦሪንግ አይረዳም። ለአር-134ኤ የሚሆነው፣ ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ቀለም ያለው፣ በንጹሕ የኮምፕረሰር ዘይት ይታሻል። ደረቅ ከገባ ይጠቀለላል፣ የተጠቀለለ ደግሞ ይቆረጣል።

ከዚያ ሁለት ቁልፍ ይያዛል፤ አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ያዞራል። በአንድ ቁልፍ ብቻ ቢጠበቅ ለስላሳው አልሙኒየም ይጠመዘዛል፤ ስንጥቁ ዛሬ ሳይታይ ከወር በኋላ ይገለጣል። በብሎን የሚያዙት መገጣጠሚያዎች የሚፈልጉት ጉልበት ትንሽ ነው፤ 10 ኒውተን ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በታች። የጎማ ብሎን የለመደ እጅ ይህን ልክ ለመማር ጊዜ ይወስድበታል።

አንዳንዴ ደግሞ ጋዙ ሙሉ ነው፣ ጥፋቱ ሌላ ነው። ጠዋት የሚያቀዘቅዝ፣ ሞተሩ ሲሞቅ የሚያቆም መኪና አለ። ኮምፕረሰሩን ከቺንጋው ጋር የሚያያይዘው በማግኔት የሚሳብ ሰሃን ነው። በሰሃኑና በፑሊው መካከል ያለው ክፍተት ብዙ ጊዜ ግማሽ ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ሰሃኑ በዓመታት ሲበላ ክፍተቱ ይሰፋል። የማግኔቱ ጥቅልል ሽቦ ሲሞቅ ደግሞ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ የሰፋውን ክፍተት ተሻግሮ መሳብ ያቅተዋል። ባለሙያው መሃል ያለውን ብሎን ይፈታል፣ ከሰሃኑ ሥር ከተቀመጡት ስስ ማስተካከያ ቀለበቶች አንዱን ያወጣል፣ መልሶ በፊለር ጌጅ ይለካል። ኮምፕረሰሩ አልተቀየረም፣ አንድ ግራም ጋዝ አልገባም። ከዚህ ሙያ ውስጥ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ጥገና ይህ ነው።

ፍሳሹ ከተዘጋ በኋላ ቫኪዩም ይመጣል። ቱቦ የተከፈተበት መንገድ አየርና እርጥበት ገብቶበታል። እርጥበቱ ኤክስፓንሽን ቫልቩ ላይ በረዶ ይሠራል፤ ከዘይቱና ከጋዙ ጋር ተዋህዶም አሲድ ይሆናል። የሚወጣው እንዲፈላ ተደርጎ ነው። ግፊቱ በበቂ ከወረደ ውሃ በክፍል ሙቀት ይፈላል፤ 20 ዲግሪ ላይ ለዚህ የሚያስፈልገው ግፊት ከባህር ጠለል አየር 2.3 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አዲስ አበባ የራሷ ሕግ አላት። የግፊቱ ጌጅ የሚለካው በዙሪያው ካለው አየር አንጻር ነው። መመሪያዎች የተጻፉት ለባህር ጠለል ስለሆነ መርፌው 29 ኢንች ሜርኩሪ አልፎ እንዲወርድ ያዛሉ። ከ2,300 ሜትር በላይ ያለው አየራችን ግን የባህር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ ፍጹም ባዶ ቢሆን እንኳ መርፌው 22 ከግማሽ አካባቢ ይቆማል። 29ን የሚጠብቅ ሰው ደህናውን ፓምፕ ይጠረጥራል። ከዚያ የሚብሰው ግን 21 ላይ ቆሞ «ደርሷል» የሚለው ነው። ውሃው የሚፈላው ከመጨረሻው ጫፍ አንድ ኢንች ባልሞላ ርቀት ውስጥ ነውና፣ 21 ላይ እርጥበቱ ገና ተቀምጧል። የገባው ባለሙያ ፓምፑን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያስኬዳል፤ ቫልቮቹን ዘግቶ ፓምፑን ያጠፋና መርፌውን ይጠብቃል። ጥቂት ተነስታ ከቆመች እርጥበት ቀርቷል። ሳትቆም ከተመለሰች ፍሳሽ አለ፤ ሥራው እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል።

ዘይቱም ልክ አለው፤ የወጣው ያህል ይመለሳል፣ ዓይነቱም ኮምፕረሰሩ ላይ የተጻፈው ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ወደ ጋራዥ የሚመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች በዚህ ጉዳይ ጥብቅ ናቸው። የእነሱ ኮምፕረሰር የራሱን ሞተር በውስጡ ስለያዘ ዘይቱ የኤሌክትሪክ ጥቅልሉን ይነካል፤ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ መሆን አለበት። ከሌላ መኪና በጌጁ ቱቦ ውስጥ የቀረ ጥቂት የተለመደ ዘይት እንኳ ያንን መከላከያ ያደክማል። ስለዚህ ጠንቃቃው ለእነዚህ መኪኖች የተለየ ቱቦ ይሰቅላል።

አሁን ጋዙ። ሁለቱ መሙያ አፎች መጠናቸው ስለሚለያይ ሰማያዊው ቱቦ በዝቅተኛው፣ ቀዩ በከፍተኛው ግፊት ላይ ብቻ ይገባል፤ የነደፈው ሰው ስህተትን በብረት ከልክሏል። ሲሊንደሩ ሚዛን ላይ ይቀመጣል። ብዙዎች በጌጅ ብቻ ይሞላሉ፤ አልስማማም። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ውስጡ ፈሳሽና ትነት አብረው እስካሉ ድረስ፣ ግፊቱን የሚወስነው ሙቀቱ እንጂ ብዛቱ አይደለም። 25 ዲግሪ ላይ 200 ግራም ቢኖርም 500 ቢኖርም መርፌዋ አንድ ቦታ ትቆማለች። ትክክለኛው ቁጥር ከኮፈኑ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ፤ ለትንሽ የቤት መኪና ብዙ ጊዜ ከ400 እስከ 600 ግራም ነው። ከዚህ ካለፈ ፈሳሹ ኮንደንሰሩን ይሞላል፣ ግፊቱ ይወጣል፣ ቅዝቃዜው ይቀንሳል። ሞተሩ እየሠራ ሲሞላ ሲሊንደሩ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ትነት ብቻ እንዲገባ፣ ኮምፕረሰሩ ፈሳሽ መጭመቅ አይችልምና።

ፍተሻው በሮቹ ተከፍተው፣ ነፋሱ እስከ መጨረሻ ተለቆ፣ ሞተሩ በደቂቃ 1,500 ዙር አካባቢ ተይዞ ነው። ኢቫፖሬተሩ ዜሮ ዲግሪ ላይ ሲሆን የባህር ጠለል ጌጅ 28 ፒኤስአይ ያህል ያሳያል፤ አዲስ አበባ 31። በጌጁ ፊት ላይ የታተመው የሙቀት ቀለበት ይህን ልዩነት አያውቅም፤ መካኒኩ ነው የሚያውቀው።

መኪናው ወደ ሰመራ የሚወርድ ከሆነ ኮንደንሰሩ ሳይታይ አይሄድም። እዚህ 22 ዲግሪ አየር ውስጥ ጋዙ በቀላሉ ፈሳሽ ይሆናል፤ በጭቃ የታፈነ ኮንደንሰርና የደከመ ፋን ጉድለታቸውን ይሸሽጋሉ። ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነ አየር ግን ጋዙ ከዚያም በላይ መሞቅ ስላለበት የከፍተኛው ጎን ግፊት ከ200 ፒኤስአይ ያልፋል። ስለዚህ ክንፎቹ ከኋላ ወደ ፊት በቀስታ በሚፈስ ውሃ ይታጠባሉ፣ የተጣመሙት በማበጠሪያ ይቃናሉ፣ ፋኑ መነሳቱ ይታያል። በመጨረሻ የሁለቱ አፎች ክዳኖች ይመለሳሉ። ውስጣቸው ላስቲክ አለ፤ ከሥራቸው ያለችው ትንሽ ቫልቭ ብትዳከም ጋዙን የሚይዙት እነሱ ናቸው። ክዳን ጠፍቶበት የመጣ መኪና አዲስ ይገጠምለታል።