ድምር የማይደርስባቸው ቁጥሮች

የ12 አካፋዮች፣ ራሱን ሳንጨምር፣ 1፣ 2፣ 3፣ 4 እና 6 ናቸው፤ ሲደመሩ 16 ይሆናሉ። 16 ተደርሶበታል ማለት ነው። 5 ላይ ግን የማንም አካፋዮች ድምር አይደርስም። 1 አይቀሬ ስለሆነ 5ን ለመሙላት 4 ያስፈልጋል፤ 4 ካለ ደግሞ 2 አብሮት ይመጣል። በ1037 እ.ኤ.አ. የሞቱት ሊቅ አቡ መንሱር አል-ባግዳዲ 2 እና 5 እንዲህ መሆናቸውን ያውቁ ነበር። እንዲህ ያሉ ቁጥሮች ማለቂያ እንደሌላቸው ግን በ1973 እ.ኤ.አ. ያረጋገጠው የሒሳብ ሊቁ ፖል ኤርዶሽ ነው።

እነዚህን ቁጥሮች በኮምፒውተር ስፈልግ ዋናው ሥራዬ አለመኖርን ማስረዳት ነው። መኖርን ለማስረዳት አንድ ምስክር ይበቃል፤ አለመኖርን ለማስረዳት ግን ፍለጋው የት እንደሚቆም አስቀድሞ ማወቅ ግድ ነው። 52ን እንውሰድ። ብቸኛ ያልሆነ ቁጥር ሁሉ ከዳግም ዘሩ የማያንስ አካፋይ ስላለው፣ 52ን የሚሰጥ ቁጥር ቢኖር ከ2601 አይበልጥም። ይህ ቀላል ነው፤ እስከ አንድ ሚሊዮን ላሉት ቁጥሮች ግን ወሰኑ ወደ አንድ ትሪሊዮን ይጠጋል። እዚህ ሲደርስ ፈጣን ማሽን የሚመኝ ብዙ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ እርሳስ ማንሳት ይሻላል ባይ ነኝ።

ተጋማሽ ድምር የሚገኘው ከተጋማሽ ቁጥር ወይም ከኢ-ተጋማሽ ቁጥር ስኩዌር ብቻ ነው። ተጋማሽ ቁጥር ግማሹ ራሱ አካፋዩ ስለሆነ፣ 52ን ለመስጠት ከ102 ማለፍ አይችልም። የብቸኛ ቁጥር ስኩዌር ደግሞ የሚሰጠው ያንኑ ቁጥር ሲደመር 1 ነው፤ 51 ግን 3 ሲባዛ በ17 ስለሆነ ብቸኛ አይደለም። ከቀሩት ስኩዌሮች 81 የሚሰጠው 40 ነው፤ ከ225 ጀምሮ ያሉት ሁሉ ከ52 ያልፋሉ። የሚቀሩን 51 ተጋማሽ ቁጥሮች ናቸው። 94 ሲሞከር 50 ይወጣል፣ 42 ሲሞከር 54፤ 52 ላይ የሚያርፍ አንድም የለም።

በዚሁ መንገድ፣ ለተጋማሽ ድምሮች፣ ያ ትሪሊዮን ወደ ሁለት ሚሊዮን ይወርዳል፤ በዚያ ላይ የብቸኛ ቁጥሮች ስኩዌሮች የሚሰጡት (ቁጥሩ ሲደመር 1) እና ከ10,000 የማይበልጡ ሌሎች ኢ-ተጋማሽ ቁጥሮች ስኩዌሮች ይጨመራሉ። ከዚያ በኋላ ኮዱ አጭር ነው። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ከማካፈል ይልቅ እያንዳንዱን አካፋይ በብዜቶቹ ላይ እደምራለሁ፤ የተደረሰበትን ቁጥር ቢት አጠፋለሁ። እስከ 100 ካሉት ተጋማሽ ቁጥሮች 2፣ 52፣ 88 እና 96 ብቻ ካልቀሩ፣ በትልቁ ውጤት አልተማመንም።

ወጣት ፕሮግራመሮች፣ ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት 88ን በወረቀት ሞክሩት። ከ174 በላይ ያለ ተጋማሽ ቁጥር ማየት አያስፈልጋችሁም።