የጻፈና ያጻፈ፦ በዕውቀት መጻሕፍት ላይ ስለ ደራሲነት ስም አሰጣጥ

በግዕዝ የብራና መጻሕፍት መጨረሻ ላይ ዘወትር የሚገኝ አንድ ልማድ አለ። ይኸውም የጻፈውንና ያጻፈውን፣ ያነበበውንና የሰማውን በየግብራቸው ለይቶ ለጸሎት ማሳሰብ ነው። ልማዱ ሃይማኖታዊ ቢሆንም የያዘው ቁም ነገር ለዛሬው የመጻሕፍት ዝግጅትም ይጠቅማል፤ አንድ መጽሐፍ የብዙ እጅ ሥራ መሆኑን ያምናል፣ የአንዱንም እጅ ሥራ ከሌላው ጋር አያደባልቅም። በማተሚያ ቤት ዘመን ግን የነገረው፣ የሰበሰበው፣ የጻፈውና ያረመው ሁሉ «አዘጋጅ» በሚል አንድ ቃል ሥር የሚጠቃለልበት፣ አንዳንዴም ከነጭራሹ የማይጠቀስበት አጋጣሚ በርክቷል።

ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው በሕይወት ታሪክና በትዝታ መጻሕፍት ላይ ነው። ባለታሪኩ ይናገራል፣ የተቀጠረ ጸሐፊ ያቀናብራል፣ መጽሐፉ በባለታሪኩ ስም ይወጣል። ይህ አሠራር በራሱ ነውር ነው ማለት አይቻልም። ነገሩን የሚያውቀውም፣ ለቃሉ ኃላፊነት የሚወስደውም ባለታሪኩ እስከሆነ ድረስ፣ ጸሐፊው የድካሙን ዋጋ አግኝቶ በፈቃዱ ስሙን ቢተው አንባቢ የሚጎዳው ጥቂት ነው። ጉዳቱ የሚከፋው ነገሩ ሲገለበጥ ነው። ዕውቀቱ የአንዱ ሆኖ ስሙ የሌላው ሲሆን፣ አንባቢው የዕውቀቱን ምንጭ የሚመረምርበት መንገድ ይዘጋበታል። የትምህርት መጻሕፍትን ይበልጥ የሚመለከተው ይህ ሁለተኛው ነው።

ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ የሚሆነው ሥራ ባለቤቶች፣ አሶሳ እስከ 1970ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ድረስ ትተዳደርበት በነበረው በወለጋ ያስተማሩ ናቸው። ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ሁለቱም በልጅነታቸው ለባርነት ተዳርገው የነበሩ፣ ኋላም ነጻ ወጥተው በምጽዋ አቅራቢያ በምትገኘው በእምኩሉ የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት የተገናኙ ናቸው። ኦኔሲሞስ ከትውልድ አገሩ በሕፃንነቱ በመለየቱ፣ የኦሮምኛን የቃላት ሀብት በሙላት ለማግኘት የአስቴር ዕውቀት አስፈለገው። አስቴር መዝገበ ቃላት አሰናዳች፤ አምስት መቶ ያህል ተረቶችን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችን፣ እንቆቅልሾችንና ዘፈኖችን ከትዝታዋ ጻፈች። ከዚህም ብዙው እ.ኤ.አ. በ1894 በታተመው የጀማሪዎች ማንበቢያ ውስጥ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ግን በርዕስ ገጹ የተረጎመው ኦኔሲሞስ ብቻ እንደሆነ ይናገራል። የኦኔሲሞስ ሥራ ታላቅ መሆኑ አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ ቃሉን ከማኅደረ ትውስታዋ ያወጣችው ሴት ከርዕስ ገጹ በመቅረቷ፣ የቋንቋ ታሪክ ተመራማሪዎች ድርሻዋን ለመለየት ከረጅም ጊዜ በኋላ መድከም ግድ ሆኖባቸዋል።

ስም በትክክል አለመመዝገቡ የሚያስከትለው ዕዳ ከክብር ጉዳይ አልፎ የመጽሐፉን ተአማኒነት እስከ መንካት ይደርሳል። የሐተታ ዘዘርዓ ያዕቆብ ክርክር ለዚህ ማስረጃ ነው። የፍልስፍናው መጽሐፍ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከአክሱም አቅራቢያ የተወለደ ሊቅ ሥራ መሆኑን ራሱ ይናገራል። ወደ አውሮፓ የደረሰው ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ በኢትዮጵያ ይኖር የነበረው የካፑቺን ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ለአንትዋን ዳባዲ በላከው ቅጂ ነው። ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 ደራሲው ራሱ ሚሲዮናዊው ነው ሲል ተከራከረ፤ ኦይገን ሚትቮክም በ1934 ይህንኑ አስተያየት ደገፈ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ክላውድ ሰምነር ደግሞ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ባወጧቸው ጥናቶች የመጽሐፉን ኢትዮጵያዊነት በሰፊው ተሟገቱ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። እዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባው፣ ስለ መጽሐፉ የጸጋና የምክንያት አስተሳሰብ ሊደረግ ይገባ የነበረው ውይይት ግማሹ «ማን ጻፈው?» በሚለው ጥያቄ መዋጡ ነው።

ከዚህ በተቃራኒ የሂዮብ ሉዶልፍና የአባ ጎርጎርዮስ ታሪክ ይጠቀሳል። ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1649 በሮም ካገኛቸው፣ በ1652ም በጎታ ከተማ አብረውት ከሠሩት ከመካነ ሥላሴው ካህን የቀሰመውን ዕውቀት የእርሳቸው መሆኑን በስም እየጠቀሰ፣ በ1681 ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ አስፍሯል። ሁለቱ በእኩልነት ቆሙ ማለት ባይሆንም፣ አንባቢ የትኛው ነገር ከማን እንደመጣ የሚጠይቅበት በር ተከፍቶለታል።

በአገር ውስጥም የሚያኮራ አርአያ አለ። በ1948 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት የሦስት ትውልድ ሥራ ነው። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀመሩት፤ ደቀ መዝሙራቸው ኪዳነ ወልድ ዕድሜያቸውን ሙሉ ደከሙበት፤ ደስታ ተክለ ወልድ ደግሞ አሰናድተው ለኅትመት አበቁት። የመጨረሻው ሰው ሥራውን የራሱ አድርጎ ሊያቀርብ ይችል ነበር፤ ነገር ግን መጽሐፉ የመምህሩን ስም ይዞ ወጣ፣ የጀማሪውም ውለታ አልተዘነጋም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ «ደራሲ» ወይም «አዘጋጅ» የሚል አንድ ቃል አይበቃም። ጀማሪ፣ ፈጻሚና አሳታሚ ተብለው ቢለዩ ግን ሦስቱም በየቦታቸው ይቆማሉ፤ የአንዱ ክብር የሌላውን አይቀንስም።

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ይህ ጉዳይ ከየትም ይልቅ አንገብጋቢ ነው። የበርታ፣ የጉሙዝና የሺናሻ ቋንቋዎች ወደ መማሪያ መጽሐፍነት የገቡት በቅርብ ዘመን ነው፤ የማኦና የኮሞ ሕዝቦችም የቃል ሀብት በአብዛኛው በአረጋውያን አንደበት ይገኛል። ስለ ቤላ ሻንጉል የ19ኛው ክፍለ ዘመን ታሪክ አሌሳንድሮ ትሪውልዚ እ.ኤ.አ. በ1981 ያሳተመው ጥናትም የሽማግሌዎችን የቃል ትውፊት ከምንጮቹ አንዱ አድርጓል። እንዲህ ባለ አገር የመጽሐፉ ቃል ከአረጋዊው ይወጣል፣ በመምህሩ ብዕር ይሰፍራል፣ በባለሙያው ይታረማል። የበርታ ንግግር በአሶሳ ዙሪያና በሌሎች አካባቢዎች ልዩነት ስላለው፣ የተናጋሪው ስምና ቀበሌ ካልታወቀ አንድ ቃል ስሕተት ይሁን የአካባቢ ልዩነት ለመፍረድ አይቻልም። ስለዚህ የነጋሪው ስም ከምስጋናም በላይ የማስረጃው አካል ነው።

«ስሙ ሁሉ ከተዘረዘረ ሽፋኑ አይበቃም» የሚል መቃወሚያ ሊቀርብ ይችላል። ዳሩ ግን ዝርዝሩ ሽፋን ላይ መስፈር አያስፈልገውም፤ ከርዕስ ገጹ ጀርባ ያለው ገጽ ይበቃዋል። በዚያም ነጋሪው ከነቀበሌውና ከተነገረበት ዓመተ ምሕረት ጋር፣ ሰብሳቢው፣ ጸሐፊው፣ ተርጓሚውና አራሚው በየግብራቸው ሊሰፍሩ ይገባል። ለነጋሪው የተከፈለ አበል የስሙ ምትክ ተደርጎ መቆጠር የለበትም፤ ስሙ እንዳይጻፍ የሚፈልግ ካለም ፈቃዱ ተጠብቆ ቀበሌው ብቻ ይመዝገብ። በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማትም ሠልጣኞች ተረት ሰብስበው እንዲመጡ ሲታዘዙ፣ ከነጋሪው ስም ጋር ያልቀረበ ጽሑፍ ያልተሟላ ሥራ ሆኖ ቢቆጠር፣ ልማዱ መጽሐፍ ከመታተሙ ቀደም ብሎ በመምህሩ እጅ ይጀመራል።