ማስታመምና ሃይማኖት፤ ስለ እንጦጦ ማርያም ጠበልተኞች የቀረበ አስተያየት

የሃይማኖቶችን መተባበር የሚሰብኩ ሊቃውንት አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት ከትእዛዛት ነው፤ ምጽዋትን ከዘካና ከሰደቃ ጋር አስተያይተው፣ መሠረታችን አንድ ነው ይላሉ። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን የትእዛዛት መመሳሰል ሰዎች ተባብረው ለመሥራታቸው ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ ነገሩን በእንጦጦ ተራራ ላይ ብንመረምረው ይሻላል።

እንጦጦ ማርያም፣ ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ. ም. ዘውድ የጫኑባት ቤተ ክርስቲያን፣ በኋላ ዘመን በጠበሏ ስመ ጥር ሆናለች። ኤድስ በተስፋፋበት ጊዜ ብዙ ሕሙማን ከየአገሩ መጥተው በአካባቢዋ ቤት እየተከራዩ ይጠመቁ ነበር። ወደ ጠበል ሙስሊሞችም መሄዳቸው በአገራችን የታወቀ ነው። የኤድስ መድኃኒት በ1997 ዓ. ም. በነጻ መታደል ከጀመረ በኋላ፣ ጠበልና ኪኒን አይስማሙም ብለው መድኃኒቱን የተዉ ነበሩ። በ1999 ዓ. ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። በዚህ ቃል ከእምነቱ የተቀነሰ ነገር የለም፤ የበሽተኛው ሕይወት ግን ከክርክሩ ቀደመ። ጠበልተኛውን ደግፎ ወደ ምንጩ የሚያደርሰውም፣ ኪኒኑን በሰዓቱ የሚያቀርብለትም አስታማሚው ነውና።

በአዲስ አበባ ሠፈሮችም ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ እድር ይጻፋሉ፤ ድንኳኑን አብረው ይተክላሉ፤ ለቀስተኛውን አብረው ያስተናግዳሉ። ሥጋው ግን ለየብቻ ይታረዳል። ይህን መለያየት የኅብረት ጉድለት አድርገው የሚቈጥሩት ይሳሳታሉ፤ እንግዳን ማክበር የማይበላውን ከማወቅ ይጀምራልና።

ይሁን እንጂ እድርን የሚያመሰግኑ ጸሐፊዎች አንድ ነገር ይዘነጋሉ። እድር የሚያውቀው በመዝገቡ የሠፈረውን፣ መዋጮውንም የከፈለውን ነው። በኤድስ ዘመን አንዳንድ እድሮች ሕሙማንንና ወላጅ ያጡ ሕፃናትን መርዳት መጀመራቸው የሚያስመሰግናቸው ቢሆንም፣ ከዘመዱ ተለይቶ እንጦጦ የወጣው ባይተዋር በየትኛውም መዝገብ የለም።

እንግዲህ የጋራው ግብረ ገብ የሚፈተነው በዚህ ሰው ነው። ጎረቤትን ማስታመም ልማድ ያስገድደናል፤ ነገ ብድሩ ይመለሳል። ብድር ሊመልስ የማይችለውን ማስታመም ግን ከልማድ በላይ የሆነ ትእዛዝ ይሻል፤ ይህም ትእዛዝ በሁለቱም ሃይማኖቶች ዘንድ አለ። የሃይማኖት አባቶች ሊተባበሩ ቢወዱ ከጉባኤ አዳራሽ ይልቅ ከጠበልተኛው የኪራይ ቤት ይጀምሩ፤ በደጁም ቆመው፣ ሃይማኖትህ ምንድን ነው ከማለታቸው በፊት፣ ማን ያስታምምሃል ብለው ይጠይቁ።