የወላይታ ዘመቻ በሁለት ጸሐፊዎች ዓይን

የሰፊ አገር ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ከመናገሻው ከተማ ሆኖ ነው፤ ስለዚህም ሩቅ ያለው አገር በታሪክ መጽሐፍ የሚገባው ጦር በደረሰበት ቀን ይሆናል። የወላይታም ታሪክ በብዙ መጻሕፍት የሚጀምረው ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው በዘመቱበትና የመጨረሻው ንጉሥ ካዎ ጦና በተማረኩበት በ1887 ዓ.ም. ነው። ይህን ዘመቻ ከሚተርኩት ጽሑፎች ሁለቱ ዋናዎች ናቸው። አንደኛው ፈረንሳዊው ጋስቶን ቫንደርሄይም ከሠራዊቱ ጋር ተጉዞ በፈረንጆች 1896 ዓ.ም. በፓሪስ ያሳተመው መጽሐፍ ነው። ሁለተኛው ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የጻፉት የዳግማዊ ምኒልክ ዜና መዋዕል ነው።

ቫንደርሄይም ያየውን እልቂት፥ ምርኮና የከብት ዘረፋ አይሸሽግም፤ የመጽሐፉም ዋጋ በዚህ ነው። ነገር ግን የወላይታን ሰው ያየው በጦርነት ላይ ብቻ ስለ ሆነ፥ በሰላም ቀን እንዴት እንደሚያርስና እንደሚዳኝ ከእርሱ መማር አይቻልም። የዜና መዋዕሉ ጥረት ደግሞ የንጉሡን ሥራና የመኳንንቱን ማዕርግ ማስረዳት ነው። አንዱ ይሰቀቃል፥ ሌላው ያመሰግናል፤ ዳሩ ግን የሁለቱም ድንኳን የተተከለው በአንድ ሰፈር ነው። ስለዚህ ሁለቱን በማስተያየት ብቻ እውነቱ ተገኘ ማለት ስሕተት ነው።

ከሁለቱም የጐደለውን በመጠኑ የሚሞላው አገሩ ራሱ ነው። ወላይታ በምዕራብ በኦሞ፥ በምሥራቅ በብላቴ ወንዝ መካከል፥ ከአባያ ሐይቅ በላይ ያለ፥ ሕዝቡ የበዛ የእርሻ አገር ነው። ከሶዶ በላይ የዳሞታ ተራራ ይታያል። በየቤቱ ጓሮ የሚተከለው እንሰት ለምግብ እስኪደርስ ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ ተክሉ በጦርነት የጠፋበት ቤተ ሰብ ጉዳቱ የአንድ መኸር ብቻ አልነበረም። በሰሜን በኩል ደግሞ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረው ክፉ ቀን በከብት እልቂት ያገሩን ሀብት አራቁቶት ነበር። ይህን ያላሰበ አንባቢ በዘመቻው የከብት ምርኮ ለምን ያን ያህል ስፍራ እንደ ያዘ አይረዳም። ባሕሩ ዘውዴ በፈረንጆች 1991 ዓ.ም. ባሳተሙት ታሪክ ዘመቻውን ደም ከፈሰሰባቸው የማስፋፋት ዘመቻዎች አንዱ አድርገው መቍጠራቸው ከጸሐፊዎቹ ስሜት ሳይሆን ከነገሩ ክብደት የመጣ ፍርድ ነው።

የወላይታ ሽማግሌዎች ትውፊት ሦስተኛው ምስክር ነው። ይህ ትውፊት የጥንቱን የዳሞት ንጉሥ ሞተሎሚን የራሱ አድርጎ ይቈጥራል፤ ቀጥሎም ወላይታ ማላና ትግሬ የተባሉትን የነገሥታት ቤቶች ይዘረዝራል። ጸሐይ ብርሃነ ሥላሴ በፈረንጆች 1975 ዓ.ም. የዳሞትንና የወላሞን ጥያቄ ያነሡበት ጽሑፍ እንዲህ ያለው ትውፊት ለብቻው ምርመራ እንደሚገባው ያሳያል። ሆኖም የነገሥታት ዝርዝር የቤተ መንግሥት ታሪክ ነው፤ የገበሬው፥ የሸክላ ሠሪውና የባሪያው ድምፅ በእርሱም ውስጥ ቀጭን ነው። በሰፈሩ ጸሐፊዎች ላይ የሚሰነዘረው ወቀሳ በዚህም ላይ ካልተሰነዘረ ሚዛኑ ይዛባል።

ስሙም ቢሆን ጥንቃቄ ይጠይቃል። በቀድሞ ጽሑፎች «ወላሞ» የሚለው ስም የመንግሥት አጠራር ነበር፤ እስከ 1966 ዓ.ም. አብዮት ድረስም በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር የአውራጃ ስም ሆኖ ሠርቷል። ሕዝቡ ራሱን የሚጠራው ግን ወላይታ ብሎ ነው። አገሩ ከዚያ ወዲህ በሰሜን ኦሞ ውስጥ ተጠቃሎ ቈይቶ፥ በ1993 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ዞን ሆነ፤ በ1915 ሳይሆን በዘመናችን በ2015 ዓ.ም. በተቋቋመው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልልም ሶዶ የአስተዳደር መቀመጫ ሆናለች። በአንድ መቶ ሠላሳ ዓመት ውስጥ ካርታው ይህን ያህል ጊዜ ከተለወጠ፥ የአንዱን ዘመን ካርታ የአገሩ ሁሉ ታሪክ አድርጎ ማቅረብ አይገባም።

ሁለቱ መጻሕፍት ስለዚህ ሊነበቡ እንጂ ሊጣሉ አይገባቸውም። የሚነበቡት ግን ስለ ዘመቻው ምስክር ሆነው ነው እንጂ ስለ ወላይታ ታሪክ ዳኛ ሆነው አይደለም።