ከቀጥታ ሥርጭት በፊት ስለሚደረግ የንባብ ልምምድ

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ያለችውን ማንኩሳን ከሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የማያውቅ አንባቢ ጥቂት ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን ይህን መጽሐፍ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ፊደል ላልቆጠረውም ሰው ደረሰ።

ዛሬ በኢንተርኔት በቀጥታ የሚሰራጩ የሥነ ጽሑፍ ምሽቶች ብዙውን ጊዜ የሚጎድላቸው የድምፅ ማማር አይደለም፤ ልምምድን «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብሎ ድምፅ ማጉያ ከመሞከር ጋር አንድ አድርገው መቍጠራቸው ነው። የፊታውራሪ መሸሻ ቍጣና የሰብለ ወንጌል ሹክሹክታ በአንድ ልክ አይነገሩም፤ ለቍጣው የተስተካከለ መሣሪያ ሹክሹክታውን ይውጠዋል። ስለዚህ አስቀድመው ሊሞከሩ የሚገባቸው እነዚህ ሁለቱ ጫፎች ናቸው። አንድ ሰውም ከአዳራሹ ርቆ፣ ቡሬ ያለ አድማጭ እንደሚሰማው ሆኖ፣ በስልክ ያዳምጥ። በአዳራሹ ውስጥ ስልኩን ከፍቶ የሚያዳምጥማ ዘግይቶ የሚደርሰውን ድምፅ መልሶ በአንባቢው ላይ ያስተጋባበታል።

ከመሣሪያው ይልቅ የሚከብደው ግን ጽሑፉ ነው። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም፤ «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው። ለብቻው የሚያነብ ሰው ቢሳሳት ተመልሶ ያርመዋል፤ በሥርጭት ላይ ያለው ግን ቃሉ አምልጦታል።

ልምምድ ስሜትን ያደርቃል የሚሉ አሉ። ይህን አልቀበልም። በጉባኤ ቆሞ የሚዘርፈው የጎጃም ባለቅኔ እንኳ በተማሪነቱ ቅኔውን ለብቻው ቈጥሮ፣ ለመምህሩ ነግሮ፣ ታርሞ ያደገ ነው።