የተሰወረው አልጋ ወራሽና የአንባቢዎች ፍቺ

ዙፋን ባለበት ምድር ሁሉ ከዙፋኑ አጠገብ ትውልድ ቈጣሪ አይታጣም። የንጉሥ አባቱ ማን እንደ ሆነ፥ እናቱስ በሕግ የተዳረች ወይስ በስውር የተያዘች እንደ ሆነች መመርመር፥ ከጥንት ጀምሮ የሊቃውንትም የሐሜተኞችም ሥራ ነው። ዘውድ የሚወረሰው በደም ነውና። ደም ግን ተገልጦ ሊነበብ የማይቻል ስለ ሆነ፥ የእናት ቃል፥ የአዋላጅ ምስክርነት፥ የጠጕር መልክ፥ የመዝገብ ጽሕፈት ሁሉ በደም ፈንታ ይቆማሉ። በእነዚህም ምክንያት ስንት ጦርነት ተነሥቷል።

ይህ የዘር ምርመራ በዘመናችን ከታሪክ መጻሕፍት አልፎ ወደ ልብ ወለድ ታሪክ ገብቷል። አሜሪካዊው ደራሲ ጆርጅ ማርቲን «የበረዶና የእሳት መዝሙር» ብሎ ከሰየመው ረጅም ድርሰት የመጀመሪያው ክፍል፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1996 ዓ.ም. ታተመ፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። አምስተኛው ክፍል በ2011 ዓ.ም. ወጣ፤ ስድስተኛው ግን ብዙ ዓመት ሲጠበቅ ኖሯል። ድርሰቱ ከ2011 እስከ 2019 ዓ.ም. በተዋንያን ተሠርቶ በቴሌቪዥን ስለ ታየ ዝናው በዓለም ሁሉ ወጣ። መጽሐፉ ሳይፈጸም ዓመታት ባለፉ ቍጥርም፥ አንባቢዎቹ ደራሲው ያልነገራቸውን በራሳቸው ምርመራ ሊያገኙ ተነሡ። ከሁሉም ይልቅ የደከሙበት፥ የተሰወረው የንጉሥ ዘር ማን ነው? ዙፋኑስ ለማን ይገባል? በሚለው ጥያቄ ነው።

ይህን ድካም የሥራ ፈት ጨዋታ ነው ብሎ መናቅ አይገባም። ዘር መመርመርን ለአንባቢዎቹ ያስተማራቸው ራሱ መጽሐፉ ነውና። በመጀመሪያው ክፍል የንጉሥ ሮበርት ባራቲየን እንደራሴ የነበረው ጆን አሪን በድንገት ይሞታል። በእርሱ ፈንታ የተሾመው የሰሜኑ ገዥ ኤዳርድ ስታርክ፥ ሟቹ በመጨረሻ ዘመኑ ሲያነበው የነበረውን አንድ ትልቅ የትውልድ መዝገብ ያገኛል። መዝገቡ ደረቅ ነው፤ እገሌ እገሊትን አገባ፥ እገሌን ወለደ፥ የልጁም ጠጕር እንዲህ ነበር ከማለት በቀር ሌላ ቁም ነገር ያለው አይመስልም። ነገር ግን ኤዳርድ በከተማው እየዞረ የንጉሡን ዲቃሎች አየ። ከጦር መሣሪያ ሠሪ ቤት ሥራ የሚማረው ጐበዝም፥ በሴተኛ አዳሪ ቤት የተወለደችው ሕፃንም ጠጕራቸው እንደ አባታቸው ጥቁር ነው። ወደ መዝገቡ ተመልሶ ቢመለከት፥ የባራቲየን ወገን ከላኒስተር ወገን ጋር ሲጋባ የተወለደው ልጅ ሁሉ ጥቁር ጠጕር ሆኖ ተገኘ። ከንግሥት ሰርሴ የተወለዱት ሦስቱ ልጆች ግን ጠጕራቸው ወርቅ ይመስላል። እንግዲያውስ የንጉሡ ልጆች አይደሉም፤ የንግሥቲቱ ወንድም የጄይሚ ልጆች ናቸው። ይህንንም ማወቁ ለኤዳርድ የሞቱ ምክንያት ሆነ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ትምህርት አለ። አንደኛው፥ እንደ ጠጕር መልክ ያለ ትንሽ ነገር መንግሥትን የሚገለብጥ ምሥጢር ሊይዝ መቻሉ ነው። ሁለተኛው፥ የዘር ምሥጢር መገለጡ ሰውን የሚገድል መሆኑ ነው። አንባቢዎቹ የፊተኛውን ትምህርት በሚገባ ተማሩ፤ የኋለኛውን ግን ብዙዎቹ ዘነጉት።

ቅኔ የተማረ ሰው የእነዚህን አንባቢዎች ሥራ እንደ ባዕድ ነገር አያየውም። ከሰሙ በታች ወርቅ እንዳለ አምኖ መፈለግ፥ ውስጠ ወይራውን ሰንጥቆ ማየት፥ አንዱን ቃል አንድም እንዲህ ነው፥ አንድም እንዲያ ነው እያሉ ማተት የቈየ ሞያ ነው። ነገር ግን ለወርቅ ፍለጋ ሕግ አለው። የመጀመሪያው ሕግ፥ ወርቁ ሰሙን ሳይሰብር ከሰሙ መውጣት ነው። ሁለተኛው ሕግ፥ ፍቺው በአንድ ቃል ብቻ ተንጠልጥሎ ሳይቀር በየቤቱ መስማማት ነው። ሦስተኛው ሕግ፥ ወርቁ ከሰሙ የከበረ መሆን ነው፤ ከተገኘ በኋላ ነገሩን የሚያረክሰው ፍቺ፥ ቢያስደንቅም እንኳ ፍቺ አይባልም። ከአንባቢዎቹ ግምቶች ሦስቱ በዚህ ሚዛን ሊመዘኑ ይገባቸዋል።

የመጀመሪያው ስለ ጆን ስኖው የተሰጠው ፍቺ ነው። ጆን የኤዳርድ ስታርክ ዲቃላ ተብሎ ከሕግ ልጆቹ ጋር ያደገ ነው፤ እናቱን ግን ኤዳርድ ለማንም አልተናገረም። አንባቢዎች ይህ ልጅ የኤዳርድ ልጅ ሳይሆን የእኅቱ የሊያና ልጅ ነው፤ አባቱም የቀድሞው አልጋ ወራሽ ራይጋር ታርጋሪየን ነው አሉ። ማስረጃቸው ከልዩ ልዩ ምዕራፍ የተለቀመ ነው። ራይጋር በሃረንሃል በተደረገው የጦር ጨዋታ ባሸነፈ ጊዜ፥ ሚስቱን አልፎ የሰማያዊ ጽጌረዳ አክሊል ለሊያና ሰጠ። ኤዳርድ ቈስሎ ተኝቶ ሳለ ባየው ሕልም፥ ሦስት የንጉሥ ዘበኞች አንዲት ግንብ ሲጠብቁ ይታያሉ፤ እርሱና ስድስት ባልንጀሮቹም ተዋጓቸው፤ ከዐሥሩ የተረፉት ሁለት ብቻ ናቸው። በግንቡ ውስጥ ሊያና በደም አልጋ ላይ ሆና ወንድምዋን ቃል አስገብታ ሞተች። በሁለተኛውም ክፍል ዴነሪስ ታርጋሪየን ባየችው ራእይ፥ ከበረዶ ግንብ ላይ የበቀለ ሰማያዊ አበባ ይታያል፤ ጆንም በዚያ ጊዜ በሰሜን በበረዶው ግንብ ላይ ዘበኛ ነበረ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የዘበኞቹ ነገር ነው። ንጉሡ ተገድሏል፤ ራይጋርም በጦር ሜዳ ወድቋል፤ ታናሽ ወንድሙ ወደ ደሴት ሸሽቷል። ንጉሥን ለመጠበቅ የማሉ ሦስት ሰዎች የቀረውን ልዑል ትተው በምድረ በዳ ባለች ግንብ ደጅ የሚሞቱት ስለ ምንድር ነው? በግንቡ ውስጥ ከሸሸው ልዑል የሚቀድም ሌላ አልጋ ወራሽ ከሌለ፥ ነገሩ መልስ የለውም። ይህ ፍቺ ሰሙን አይሰብርም፤ በየቤቱም ይስማማል። የቴሌቪዥኑን ድርሰት የሠሩት ሁለቱ ሰዎች ሥራውን ከማግኘታቸው በፊት ደራሲው የጆን እናት ማን እንደ ሆነች እንደ ጠየቃቸው ራሳቸው ተናግረዋል፤ በ2016 ዓ.ም. በታየው ክፍልም ነገሩ አንባቢዎች እንደ ገመቱት ሆነ። ደራሲውም አንዳንድ አንባቢ ምሥጢሩን ስላወቀ ታሪኩን መለወጥ ስሕተት መሆኑን በግልጥ ተናግሯል፤ ወርቁ ቢለወጥ አስቀድሞ የተዘራው ሰም ሁሉ ሐሰት ይሆናልና።

ሁለተኛው ፍቺ ስለ ኤጎን ነው። በአምስተኛው ክፍል አንድ ወጣት ተነሥቶ የራይጋር ልጅ ነኝ ይላል፤ በሕፃንነቱ ከተማው በተያዘ ጊዜ የቆዳ ፋቂ ልጅ በእርሱ ፈንታ ተተክቶ ተገደለ፥ እርሱ ግን ወደ ባሕር ማዶ ተወሰደ ተብሎ ይነገርለታል። የሞተው ሕፃን ፊቱ እስከማይታወቅ ተሰባብሮ ስለ ነበረ፥ ነገሩን እውነት ነው ለማለትም ሐሰት ነው ለማለትም አይቻልም። ብዙ አንባቢዎች ግን ይህ ወጣት የብላክፋየር ወገን ነው ይላሉ። ብላክፋየር የተባሉት፥ አራተኛው ኤጎን ለዲቃላው ለዴሞን የነገሥታቱን ሰይፍ ስለ ሰጠ፥ በሞት አልጋውም ላይ ሆኖ ዲቃሎቹን ሁሉ ሕጋዊ ስላደረገ፥ በጥቁር ዘንዶ ዓላማ ዙፋን ሲፈልጉ የኖሩ ናቸው። ወጣቱን የሚከተለውም ጭፍራ ቀድሞ የእነርሱ ደጋፊ በነበረ ስደተኛ የተቋቋመ ነው።

በአራተኛው ክፍል ደግሞ አንድ ካህን ስለ አንድ ማደሪያ ቤት ያወራል። በደጁ የተሰቀለው የብረት ጥቁር ዘንዶ ተሰባብሮ ወደ ወንዝ ተጣለ፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ከራሶቹ አንዱ በውኃው ዳር ሲገኝ፥ ዝገት ይዞት ቀይ ሆኖ ነበር። የታርጋሪየን ዓላማ ቀይ ዘንዶ ስለ ሆነ፥ አንባቢዎች ጥቁሩ ቀይ መስሎ ከውኃ ይመለሳል ብለው ፈቱት። ከዚህ የተዋበ ውስጠ ወይራ በልብ ወለድ ታሪክ ውስጥ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ሆኖም ደራሲው ገና አልፈረደበትምና ሊሆን ይችላል ከማለት አልፎ በእርግጥ ነው ማለት አይገባም።

ይህም ነገር ከባዶ የተፈጠረ አይደለም። ደራሲው በእንግሊዝ አገር የላንካስተርና የዮርክ ወገኖች ካደረጉት ጦርነት ብዙ እንደ ወሰደ የታወቀ ነው። ከዚያ ጦርነት በኋላ ፐርኪን ዋርቤክ የተባለ ወጣት፥ በ1483 ዓ.ም. በለንደን ግንብ ከጠፉት ሁለት ልዑላን ታናሹ ነኝ ብሎ ተነሣ፤ በ1499 ዓ.ም. ተሰቀለ። የሰቀለው ሰባተኛው ሄንሪም ቢሆን የዘሩ ነገር ያለ እንከን አልነበረም። በእናቱ በኩል የሚወለድበት የቦፎርት ወገን ከጋብቻ ውጭ የተወለደ፥ በ1397 ዓ.ም. በሕግ የጸደቀ፥ በ1407 ዓ.ም. ግን ዘውድ እንዳይወርስ የተከለከለ ነበር። ሄንሪ በ1485 ዓ.ም. በጦር ድል ነሣ፤ የዘር ማስረጃው ከድሉ በኋላ ተከተለ። በመጽሐፉም ሮበርት ባራቲየን ዙፋኑን በመዶሻው ከያዘ በኋላ፥ ሴት አያቱ የታርጋሪየን ልጅ መሆንዋ ተጠቀሰለት። ዘር ከልጓም ይስባል ይባላል፤ በዙፋን ነገር ግን ብዙ ጊዜ ልጓሙን የጨበጠው ዘሩን ይመርጣል።

ሦስተኛው ፍቺ ስለ ቲሪየን ላኒስተር ነው። ይህ ድንክ፥ አባቱ ታይዊን የጠላው፥ እርሱም በመጨረሻ አባቱን የገደለ ሰው ነው። አንዳንድ አንባቢዎች ያበደው ንጉሥ ኤሪስ የታይዊንን ሚስት ይመኛት ስለ ነበረ፥ የቲሪየንም ጠጕር ነጣ ያለ፥ ዓይኖቹም የማይመሳሰሉ ስለ ሆኑ፥ እርሱም የንጉሥ ልጅ ነው ይላሉ። ይህ ፍቺ በሁለተኛው ሕግ ይሰናከላል፤ በአራተኛው ክፍል የታይዊን እኅት ከልጆቹ ሁሉ አባቱን የሚመስለው ቲሪየን መሆኑን ለጄይሚ ትነግረዋለችና። በሦስተኛው ሕግ ደግሞ ፈጽሞ ይወድቃል። የዚህ ታሪክ ኀዘን ሁሉ፥ አባት ከልጆቹ መካከል እርሱን የሚመስለውን አንዱን ብቻ መጥላቱ ነው። ቲሪየን የሌላ ሰው ልጅ ከሆነ ግን የታይዊን ጥላቻ ምክንያት ያገኛል፤ አባትን መግደልም ተራ ግድያ ይሆናል። እንዲህ ያለው ፍቺ ወርቁን አውጥቶ ሰም ያስገባል።

እንግዲህ ስለ ጆን ስኖው የተሰጠው ፍቺ እውነት ከሆነ ወርቁ ምንድር ነው? ብዙዎቹ ዘውዱ ነው ይላሉ። ዲቃላ የተባለው ልጅ የንጉሥ ልጅ መሆኑን፥ በ2017 ዓ.ም. በቴሌቪዥኑ ደግሞ በሕግ ጋብቻ የተወለደ መሆኑን በሰሙ ጊዜ ታላቅ ደስታ አደረጉ። ይህ ደስታ ራሱ ሊመረመር ይገባዋል። የኤዳርድ ሚስት ኬትሊን ልጁን በዲቃላነቱ ስለ ጠላችው አንባቢዎች ሁሉ ወቅሰዋታል። ነገር ግን ክብሩን ከዘውዳዊ ደሙ የሚፈልግለት አንባቢ፥ በእርስዋ ሚዛን ከመመዘን ምን ያህል ራቀ? በመጽሐፉ ጆን የግንቡ ዘበኞች አለቃ የሆነው በባልንጀሮቹ ድምፅ ተመርጦ ነው፤ ስታኒስ የስታርክን ስምና የአባቱን ርስት ልስጥህ ባለው ጊዜም አልተቀበለውም። ይህ ሁሉ የተደረገው ዲቃላ ተብሎ ሳለ ነው።

ወርቁ ከዚህ ይልቅ በኤዳርድ ዘንድ ይገኛል። ይህ ሰው በእውነተኛነቱ የታወቀ ነበረ፤ ስለ እኅቱ ልጅ ሕይወት ግን ዐሥራ አራት ዓመት ያህል ሐሰቱን ተሸከመ። ሚስቱን ያስከፋ ነውር በራሱ ላይ ወሰደ፤ ወዳጁ ንጉሥ ሮበርት የታርጋሪየንን ልጆች ሊያጠፋ የሚፈልግ ስለ ሆነ፥ ለእርሱም አልነገረውም። ሌሎች የዘር ምሥጢርን ዙፋን ለመያዝ ሲገልጡ፥ እርሱ ሕፃን ለማዳን ሰወረው። ዘበኞቹ በግንቡ ውስጥ ንጉሥ ሲጠብቁ ነበር ቢባል፥ ኤዳርድ ከዚያ ግንብ ይዞ የወጣው ንጉሥን ሳይሆን እናቱ የሞተችበትን ልጅ ነው።

የቴሌቪዥኑ ድርሰት በ2019 ዓ.ም. ሲፈጸም፥ የጆን ዘር መገለጡ ጠብና ሞት አመጣ እንጂ ዙፋን አልሰጠውም፤ እርሱ ወደ ሰሜን ተሰደደ፤ መኳንንቱም ሌላ ሰው መርጠው አነገሡ። የመጽሐፉ ፍጻሜ እንደዚህ ይሁን አይሁን ደራሲው ይወስናል። አንባቢዎቹ ግን እስከዚያ ድረስ የትውልድ መዝገቡን ሲያገላብጡ፥ ኤዳርድ ያንኑ መዝገብ አንብቦ ያደረገውን ቢያስታውሱ መልካም ነው። ምሥጢሩን ካወቀ በኋላ አስቀድሞ ወደ ንግሥቲቱ ሄዶ ልጆችሽን ይዘሽ ሽሺ አላት። ይህም ምሕረቱ አንገቱን አስቈረጠው፤ ነገር ግን ከዘር መርማሪዎች ሁሉ፥ በደሙ መዝገብ ውስጥ ልጆች እንዳሉ ያየው እርሱ ነው።